ብዕር የሚያስቀይሩ ቁጥሮች፦ የተርሚናል ቀለም ከየት ይመጣል?

ኡቡንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱና ኤልኤስ የሚለውን አጭር ትእዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ያለው ሁሉ ይዘረዘራል። ዝርዝሩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። የፎልደር ስሞች ሰማያዊ ናቸው፤ ፕሮግራሞች አረንጓዴ ለብሰዋል፤ ታምቀው የታሸጉ ፋይሎች ቀልተዋል፤ ተራው ሰነድ እንደወትሮው ነጭ ነው። የለመደ ሰው ስሙን ሳያነብ በቀለሙ ብቻ የሚፈልገውን ያገኛል።

ይህ መስኮት ተርሚናል ይባላል። ሥዕል የለበትም፤ በማውዝ የሚጫኑት ነገርም የለበትም። ጽሑፍ ይገባል፣ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ከጽሑፍ በቀር ምንም በማያልፍበት በር ቀለሙ እንዴት ገባ? መልሱ ቀላል ነው፦ ቀለሙም ራሱ ጽሑፍ ሆኖ ነው የገባው። በምናያቸው ፊደላት መካከል የማናያቸው ምልክቶች ተሰክተዋል። አንዱ «ከዚህ ጀምረህ በቀይ ጻፍ» ይላል፤ ሌላው «እዚህ ላይ ተው» ይላል።

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቁም ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለም አዘጋጅቶ ለሥራ ይቀመጣል። ከእመቤታችን ወይም ከአንድ ቅዱስ ስም ሲደርስ በጥቁር ቀለም የሚጽፍበትን ብዕር አኑሮ የቀዩን ያነሳል። ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። መመለሱን ቢረሳ የገጹ ቀሪ ክፍል በሙሉ በቀይ ይሞላል። የተርሚናል አሠራርም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጸሐፊው የሚጽፈውን ያውቃል፣ ተርሚናሉ ግን አያውቅም። ብዕር ቀይር ካልተባለ አይቀይርም፤ መልስ ካልተባለም አይመልስም። የተርሚናል ቀለም ጥቅሙም ጣጣውም ሁሉ የሚመነጨው ከዚች አንዲት ባሕርይ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የትእዛዞቹንም ስም በአነባበባቸው ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይመታሉ።

ከወረቀት የተወረሰ ልማድ

ተርሚናል ዛሬ መስኮት ይሁን እንጂ ድሮ ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር። በ1960ዎቹ ሰዎች ከኮምፒውተር ጋር ይነጋገሩ የነበሩት ቴሌታይፕ በሚባል፣ የጽሕፈት መኪና በሚመስል ማሽን ነው። በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሴኮንድ 10 ፊደል ወረቀት ላይ ይመታ ነበር። የላቲንን ትንንሽ ፊደላት እንኳ አያውቅም፤ ሁሉን በትልቁ ይጽፋል።

በዚያው ዓመት አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሰሌዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ኮምፒውተር ከቁጥር በቀር ስለማያውቅ አስኪ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይመድባል፤ ለምሳሌ ትልቋ የላቲን ኤ 65 ናት። ከ32 በታች ያሉት ቁጥሮች ግን የሚታይ ቅርጽ የላቸውም፤ ለማሽኑ የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው። 7 ደወል ታስደውላለች፤ 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ወደፊት ትገፋለች። ከእነዚህ ከማይታዩት መካከል ለእኛ ጉዳይ ዋናዋ 27 ናት፤ ስሟም ኢስኬፕ ይባላል። ኪቦርዳችሁ ላይ ከላይ በግራ ጥግ ያለው ቁልፍ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ይህች ምልክት አስኪ ውስጥ እንድትገባ በማድረግ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ቦብ ቢመር ነው። ሐሳቡ ብልህ ነበር፦ በሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ አንዷ «ከእኔ በኋላ የሚመጣውን እንደ ተራ ጽሑፍ አታንብበው» የምትል ትሁን። ያቺ አንዲት ምልክት ለማያልቅ ትእዛዝ በር ከፈተች።

በ1970ዎቹ ወረቀቱን ስክሪን ተካው። ስክሪን ደግሞ ወረቀት የማይችለውን ይችላል፤ የተጻፈ ይጠፋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጻፋል፣ ፊደል ይደምቃል። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ትእዛዝ ማውጣቱ ነበር። በአንዱ ማሽን ስክሪኑን የሚያጸዳ ትእዛዝ በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ፊደል ይረጫል። በ1978 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢል ጆይ የየማሽኑን ትእዛዝ የሚዘረዝር ተርምካፕ የተባለ መዝገብ ያዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ መዝገቡን አይቶ የማሽኑን ቋንቋ ይመርጣል።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ግን ከጋራ ስምምነት ነው። የአውሮፓ የኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር በ1976 ኤክማ-48 የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ በአሜሪካ በኩል ብሔራዊው የደረጃዎች ተቋም፣ በምሕጻሩ አንሲ፣ በ1979 ተመሳሳዩን አጸደቀ። በመሃሉ በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ሥርዓት የሚከተል ቪቲ100 የተሰኘ ተርሚናል ለገበያ አቀረበ። ገበያው ወደደው፤ ሌሎችም ኮረጁት። ዛሬ ኮምፒውተራችን ላይ የምንከፍተው የተርሚናል መስኮት ይህን ዕቃ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ መስኮቶች ሲከፈቱ ወርዳቸው 80 ፊደል፣ ቁመታቸው 24 መስመር የሚሆነውም የቪቲ100 ስክሪን ልክ ያ ስለነበረ ነው። የሚገርመው ቪቲ100 ራሱ ቀለም አልነበረውም። ደረጃው ለቀለም ቁጥር ቢመድብም ማሽኑ ፊደል ከማድመቅ፣ ከማስመር፣ ከመደቡ ጋር ከማለዋወጥና ብልጭ ድርግም ከማድረግ አያልፍም ነበር።

የትእዛዙ አካል

ቀለም የሚያስቀይረው ትእዛዝ አራት ብልቶች አሉት። መጀመሪያ 27 ቁጥሯ ኢስኬፕ ትመጣለች። ቀጥሎ ወደ ቀኝ የተከፈተው ካሬ ቅንፍ [ ይከተላል። ሦስተኛው የምንፈልገው ቁጥር ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ በሴሚኮለን ይለያያል። መዝጊያዋ ትንሿ የላቲን ፊደል ኤም ናት። ለምሳሌ ቀይ 31 ነው፤ ስለዚህ «ኢስኬፕ [31ኤም» ማለት «ቀዩን ብዕር አንሳ» ማለት ነው። «ኢስኬፕ [0ኤም» ደግሞ «ሁሉንም ወደነበረበት መልስ» ይላል።

መዝጊያዋ ፊደል የትእዛዙን ዓይነት ትወስናለች። ኤም የመልክ ትእዛዝ ናት። ትልቋ ኤ ጠቋሚውን ወደ ላይ ትወስዳለች፤ ትልቋ ጄ ስክሪን ታጸዳለች፤ ትልቋ ኬ መስመር ታጠፋለች። ፋይል ሲወርድ እዚያው ቦታ ላይ እየተለዋወጠ ከ1 እስከ 100 የሚቆጥረው መቶኛ የእነዚህ ጠቋሚ አንቀሳቃሾች ዘመድ ነው። ስለዚህ ኤምን በትንሹ መጻፍ ግዴታ ነው፤ በትልቁ ከተጻፈች መስመር መሰረዣ ናትና ቀለም የጠበቀ ሰው ጽሑፉ ሲጠፋ ያያል።

ስምንት የሆኑበት ምክንያት

የመጀመሪያዎቹ ቀለማት ስምንት ናቸው፤ ከ30 እስከ 37 ይቆጠራሉ። 30 ጥቁር፣ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ፣ 35 ማጀንታ የሚባለው ወይን ጠጅ፣ 36 ሲያን የሚባለው የውሃ ሰማያዊ፣ 37 ነጭ።

ቅደም ተከተሉ ለሽምደዳ የሚከብድ ቢመስልም ከሥሩ ቀላል ሒሳብ አለ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከሦስት መብራት ነው፦ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። ለቀይ 1፣ ለአረንጓዴ 2፣ ለሰማያዊ 4 ስጡ። ሦስቱም ከጠፉ ድምሩ 0 ነው፤ ጥቁር። ቀይና አረንጓዴ ቢበሩ 1 ሲደመር 2 ሦስት ነው፤ ቢጫ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ብርሃን ሲደባለቅ እንደ ሠዓሊ ቀለም አይደለም፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ቢጫ ይወልዳሉ። ቀይና ሰማያዊ 5፣ ወይን ጠጅ። አረንጓዴና ሰማያዊ 6፣ የውሃ ሰማያዊ። ሁሉም ከበሩ 7፣ ነጭ። ድምሩ ላይ 30 ጨምሩና የፊደሉን ቀለም ታገኛላችሁ፤ 40 ብትጨምሩ ደግሞ ከፊደሉ ጀርባ ያለውን መደብ። በቀይ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ የፈለገ «ኢስኬፕ [37;41ኤም» ይላል።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። 31 «ቀይ» ይላል እንጂ «የትኛው ቀይ» አይልም። ኤክስተርም በተባለው ታዋቂ ተርሚናል የቀዩ መብራት ኃይል ከ255 እጅ 205 ነው፤ በድሮው የዊንዶውስ ኮንሶል 128 ብቻ ነበር። ተጠቃሚውም እንደ ስሜቱ ሊቀይረው ይችላል። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ትሕትና ነው። ፕሮግራሙ ስሙን ይጠራል፣ ስክሪኑ እንዴት እንደሚታይ ባለቤቱ ይወስናል።

ቢጫውማ የራሱ ታሪክ አለው። አይቢኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ባለ16 ቀለም የስክሪን ካርድም አብሮ አቀረበ፤ ስምንቱ ደብዘዝ ያሉ፣ ስምንቱ ደመቅ ያሉ። ከደብዛዞቹ መካከል ጥቁር ቢጫ ዓይን የማይስብ ሆኖ ስለተገኘ ኩባንያው በሞኒተሩ ውስጥ የአረንጓዴውን ብርሃን ቀንሶ ቡናማ አደረገው። በዚህ ምክንያት በአሮጌ ማሽኖች ላይ ቢጫ ያዘዘ ሰው ቡናማ ያገኝ ነበር። ቢጫውን ለማግኘት የማድመቂያዋን 1 ቁጥር ጨምሮ «1;33» ማለት ነበረበት። ዛሬም አንዳንድ ተርሚናሎች ላይ 1 ቁጥር ፊደሉን ከማወፈር ይልቅ ቀለሙን የምታበራው የዚያ ዘመን ቅሪት ሆና ነው። አሁን ግን ለደማቆቹ ስምንት ከ90 እስከ 97 የራሳቸው ቁጥር አለላቸው።

ከስምንት ወደ 16 ሚሊዮን

ስምንትና 16 ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ካልበቁ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ባለ256 ቀለሙ ሰሌዳ ነው። «38;5» ብላችሁ ቀጥሎ ከ0 እስከ 255 አንድ ቁጥር ትሰጣላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 16 የምናውቃቸው ናቸው። የመጨረሻዎቹ 24፣ ከ232 እስከ 255፣ ከጥቁር ግራጫ ወደ ነጭ የሚወጡ ደረጃዎች ናቸው። መሃል ላይ የቀሩት 216 ደግሞ እንደ ኩብ የተደረደሩ ናቸው፤ ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም ከ0 እስከ 5 ስድስት ደረጃ ይይዛሉ፣ 6 በ6 በ6 ደግሞ 216 ነው። ቁጥሩን ለማግኘት የቀዩን ደረጃ በ36፣ የአረንጓዴውን በ6 አባዙ፣ የሰማያዊውን እንዳለ ውሰዱ፣ ሁሉን ደምራችሁ 16 ጨምሩ። ቀይ 5፣ አረንጓዴ 3፣ ሰማያዊ 0 ብትሉ 180 ሲደመር 18 ሲደመር 16፣ 214 ይመጣል፤ የበሰለ ብርቱካን ቀለም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ ቀለም የሚባለው ነው። «38;2» ብላችሁ የሦስቱን መብራቶች ኃይል እያንዳንዱን ከ0 እስከ 255 በቀጥታ ትነግሩታላችሁ። ያንኑ ብርቱካን «38;2;255;175;0» ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። በዚህ መንገድ 16,777,216 ቀለም ይገኛል። በሁለቱም መንገድ 38ን በ48 ብትተኩ ቀለሙ ወደ መደቡ ይሄዳል። እዚህ ግን ያ ትሕትና ይቀራል። የተጠቃሚው ምርጫ ታልፎ የናንተ ቀለም በግድ ይታያል፤ በጥቁር መደብ ላይ ያማረላችሁ ሐመር ቢጫ ነጭ መደብ በመረጠ ሰው ስክሪን ላይ ይጠፋል። ስምንቱን መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከቀለም ሌላ

በዚያችው ኤም የሚዘጋ ሌላም መልክ አለ። 1 ፊደሉን ያጎላል፣ 2 ያደበዝዛል፣ 3 ያጋድመዋል፣ 4 ከሥሩ ያሰምርበታል፣ 5 ብልጭ ድርግም ያሰኘዋል፣ 7 የፊደሉንና የመደቡን ቀለም ያለዋውጣል፣ 9 መሃሉን ይሰርዛል። እያንዳንዱ ማጥፊያ አለው፦ 22 ማጉላቱን፣ 24 ማስመሩን፣ 27 ማለዋወጡን ያነሳል። 39 የፊደሉን ቀለም ብቻ፣ 49 የመደቡን ብቻ ወደ መነሻው ይመልሳል። 0 ግን ሁሉንም በአንዴ ይጠርጋል። ከእነዚህ ውስጥ 7 ብልህ ናት፤ ተጠቃሚው የትኛውንም ቀለም ቢመርጥ ገልብጣ ስለምታሳይ ሁሌም ትነበባለች። 5ን ግን ተዉት፤ ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል።

ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ 3ንም ባትጠቀሙ ይሻላል። በግዕዝ ፊደል አጋድሞ የመጻፍ ልማድ የለንም፤ ተርሚናሉም ቢሆን ወይ ቅርጹን በግድ ያጣምመዋል፣ ወይ ትእዛዙን ችላ ይለዋል። ማጉላትና ማስመር ለእኛ ፊደል የተሻለ ይሠራሉ።

እጅ እናሟሽ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማር ሰው በአንድ መስመር መሞከር ይችላል። ኢስኬፕን በኪቦርድ መጻፍ ስለማይመች ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ አድርጎ 033 ይጽፋል፤ ይህ 27 በስምንት ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ ነው። መስመሩ እንዲህ ይሆናል፦

ፕሪንት("\033[31ኤምስህተት\033[0ኤም")

ፕሪንት የሚለውንና ሁለቱን ኤሞች በትንሹ የላቲን ፊደል ተኩ፤ «ስህተት» እንዳለች ትቆይ። ስታስኬዱት ቀይ «ስህተት» ይወጣል። አሁን የመጨረሻውን «\033[0ኤም» አንሱና እንደገና ሞክሩ። ቃሉ ይቀላል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣውም ሁሉ፣ ቀጥላችሁ የምትጽፉት ትእዛዝ ጭምር፣ ቀይ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ጸሐፊው ጥቁሩን ብዕር ረስቷል። እንዲህ ሆኖ ስክሪኑ ከተበላሸባችሁ ሪሴት የሚለውን ትእዛዝ መትታችሁ ኢንተር ማለት ይበቃል።

ለምሳሌ ማታ ማታ የመሥሪያ ቤት ፋይሎችን የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። ለያንዳንዱ ፋይል ከሦስት ቃል አንዱን ይናገራል፦ «ተሳክቷል» በአረንጓዴ፣ «ማስጠንቀቂያ» በቢጫ፣ «ስህተት» በቀይ። በ300 መስመር መካከል ቀዩዋ አንዲት መስመር ከሩቅ ትታያለች። የቀለም ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ቁጥሮቹን በየቦታው ከመርጨት ይልቅ ለሦስቱ አንዳንድ ስም ሰጥታችሁ ፕሮግራሙ አናት ላይ አስቀምጧቸው፤ ነገ ቀለም ለመቀየር ስትፈልጉ አንድ ቦታ ነክታችሁ ትወጣላችሁ። ሥራው ከበዛ ፓይተን ውስጥ ሪች የተባለው ዝግጁ ቤተ መጻሕፍት ሰንጠረዡንም ቀለሙንም ይሠራላችኋል።

በዊንዶውስ በኩል ነገሩ ረጅም ጊዜ የፈጀ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1983 ባወጣው ዶስ 2.0 ውስጥ እነዚህን ትእዛዞች የሚያነብ ተጨማሪ ፋይል ነበር። በኋላ ግን የዊንዶውስ ኮንሶል ለዓመታት አላወቃቸውም፤ ትእዛዙን ከመፈጸም ይልቅ ፊደላቱን እንዳሉ ስክሪኑ ላይ ያሰጣቸው ነበር። ያ የተለወጠው በዊንዶውስ 10 ዘመን ሲሆን በ2020 የወጣው ዊንዶውስ ተርሚናል ከሊኑክስና ከማክ ጋር እኩል ይሠራል።

ፋይል ውስጥ የገባ ቀለም

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ያ የማታ ፕሮግራም ውጤቱን ወደ ስክሪን ሳይሆን ወደ ፋይል ሊጽፍ ይችላል፤ ጠዋት እንድታነቡት። ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ስትከፍቱት በያንዳንዱ ቃል ዙሪያ [32ኤም እና [0ኤም የሚሉ እንግዶች ተኮልኩለው ታገኛላችሁ። የማረሚያው ፕሮግራም ተርሚናል ስላልሆነ ብዕር ቀይር ሲሉት አይገባውም። ይባስ ብሎ «‹ስህተት› በሚለው ቃል የሚጀምሩትን መስመሮች ፈልግ» ብትሉት አንድም አያገኝም፤ መስመሩ የሚጀምረው በማይታየው ኢስኬፕ እንጂ በ«ስ» አይደለም።

ጨዋ ፕሮግራም ስለዚህ ቀለም ከማውጣቱ በፊት ይጠይቃል፦ ወዲያ ማዶ ያለው ተርሚናል ነው? ይህን የሚመልሰው ጥያቄ በፓይተንም በሲ ቋንቋም ኢዝኤቲቲዋይ ይባላል። መጨረሻው ላይ ያለው ቲቲዋይ የቴሌታይፕ ምሕጻር ነው፤ ወረቀት ላይ ይመታ የነበረው ማሽን ሞቶም ስሙ አልሞተም። መልሱ አዎ ከሆነ ቀለም ይወጣል፤ አይደለም ከሆነ ንጹሕ ጽሑፍ ብቻ። ኤልኤስም፣ የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊትም በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ተርሚናል ሆኖም ቀለም የማይፈልግ ሰው አለ። ለእሱ በ2017 ጆሹዋ ስታይን የተባለ ፕሮግራመር አንድ ቀላል ስምምነት አቀረበ። ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ኖ_ከለር የሚል ስም መዝግቦ ባዶ ያልሆነ ዋጋ ከሰጠው ፕሮግራሞች ቀለም አይጨምሩ፤ በቃ። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ተቀብለው ያከብራሉ። የናንተም ቢያከብር ሁለት ተጨማሪ መስመር ነው።

አንድ የደኅንነት ማስታወሻም ይግባ። ተርሚናል ትእዛዙ ከማን እንደመጣ አይለይም። ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል ውስጥ የተደበቀ ኢስኬፕ ካለ ስክሪን ላይ ሲዘረገፍ ይፈጸማል፤ የተጻፈውን ሊያጠፋ፣ ያልተጻፈ የተጻፈ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ከውጭ የተቀበለውን ጽሑፍ ለስክሪን ከማቅረቡ በፊት ከ27 ቁጥር ያጽዳው።

የማይታየው ይቆጠራል

ሰንጠረዥ ለማስተካከል የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀለም የጨመረበት ዓምድ ሁልጊዜ ይጣመማል። ምክንያቱ ኮምፒውተር የማይታየውንም መቁጠሩ ነው። «ስህተት» አራት ፊደል ናት። ከፊቷ የቀዩ ትእዛዝ አምስት ምልክት፣ ከኋላዋ የመመለሻው አራት ምልክት ሲጨመር ፓይተን 13 ብሎ ይቆጥራታል። 15 ፊደል በሚይዝ ዓምድ ውስጥ 11 ባዶ ቦታ ሊጨምርላት ሲገባ 2 ብቻ ጨምሮ ያልፋል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፦ መጀመሪያ ቃሉን በባዶ ቦታ ሙሉና ልኩን አስይዙት፣ ከዚያ ቀለሙን አልብሱት።

ለግዕዝ ፊደል ጉዳዩ አንድ ደረጃ ይብሳል። በዩኒኮድ ተመዝግቦ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ አንድ። በሲ ቋንቋ ያለው ፕሪንትኤፍ የዓምድ ስፋት የሚለካው በባይት ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ቀለም እንኳ «ስህተት»ን 12 አድርጎ ይቆጥራታል። ከዚህ ሌላ አብዛኞቹ ተርሚናሎች ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የሚሰጡት አንድ ጠባብ ሳጥን ብቻ ነው፤ ያውም ለላቲን ፊደል የተለካውን። እንደ «ጭ» ያለ ሰፊ ፊደል ተጨንቆ ይገባል ወይም በጎረቤቱ ላይ ይደረባል። ይህን ፕሮግራመሩ ሊያስተካክል አይችልም፤ የተርሚናሉና የፊደል ቅርጹ ሥራ ነው። ማድረግ የሚቻለው በዓምዶች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት መተውና አማርኛውን ወደ መጨረሻው ዓምድ መውሰድ ነው።

ማን ነው የሚያነበው?

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ በሴቶች ዘንድ ከ200 አንድ ገደማ። ለእነሱ አረንጓዴው «ተሳክቷል»ና ቀዩ «ስህተት» የሚለያዩት በቃሉ ብቻ ነው። ቃሉን አንስታችሁ በቦታው አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ብታስቀምጡ ግን ምንም አልነገራችኋቸውም። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ቀለሙ ቢጠፋም መልእክቱ ይቁም።

ሰማያዊም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓይናችን ከሦስቱ መብራቶች ብርሃን የሚሰማው እኩል አይደለም፤ የስክሪን ነጭ ብርሃን ብሩህነት ሲመዘን አረንጓዴው 72 በመቶ ገደማ፣ ቀዩ 21፣ ሰማያዊው 7 ብቻ ያዋጣሉ። በጥቁር መደብ ላይ ደማቁ ሰማያዊ እንኳ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ቀይና አረንጓዴን የደመረው ቢጫ ብርሃኑ ከነጭ ስለሚቀራረብ በነጭ መደብ ላይ አይነበብም። ሥራችሁን ስትጨርሱ የተርሚናሉን መደብ አንድ ጊዜ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ ነጭ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ የአምስት ደቂቃ ድካም ነው።

መጠኑም እንዲሁ። የብራናው ቀይ ቀለም ዓይን የሚስበው ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ ነው። አረንጓዴ ርዕስ፣ ወይን ጠጅ ሰዓት፣ ሰማያዊ ስም፣ ቢጫ ቁጥር በአንድ መስመር ከተሰለፉ ያቺ ቀይ «ስህተት» በግርግር መሃል ትጠፋለች። ቀለም የምትሰጡት ነገር ሁሉ ከሌላው ቀለም ላይ ትንሽ ኃይል ይወስዳል። ፕሮግራማችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡትና በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። እያንዳንዱ ቀለም የሚናገረው ነገር አለው? ቀለሙ ቢነሳ ጽሑፉ ይገባል? ከያንዳንዱ ቀለም በኋላስ 0 አለች? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብትስቱ አንባቢ ይቸገራል፤ ሦስተኛዋን ብትስቱ ግን የቀባችሁት የራሳችሁን ቃል ብቻ አይደለም፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣውንም ሰው ጽሑፍ ነው።